ጉዲፈቻ ናት ወይስ ሠራተኛ?

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-7



ብዙ ጊዜ ምስክርነት ስንሰጥ «ጌታ እንዲህ አደረገልኝ» ብለን ነው የምንጀምረው። የዛሬው ምስክርነቴ ግን ጌታ በቤቴ ውስጥ ምን እንዳገኘብኝ የሚናገር ነው። ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የምጽፈውም ልጅቷን አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ብቻ አይጻፉት» ብላኛለች፤ አልጽፈውም።

በምኖርባት በቡሌ ሆራ፣ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ሀገረ ማርያም በሚሏት ከተማ፣ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል የቀበሌ ኮሚቴ አለን። እንዲህ ያለው ኮሚቴ በአንዳንድ ቦታ የሕፃናት መብት ኮሚቴ ይባላል፤ በሌላ ቦታ ሥራው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት በሚባለው ውስጥ ተጠቃሎ ይሠራል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ብቻዋን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ልታይ ስለማትችል፣ ጎረቤት እንዲያይላት፣ እንዲመክራትና እንዲጠይቃት።

በ2013 መጨረሻ ከየእምነት ተቋሙ አንድ ሰው እንዲላክ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው በቤተ ክርስቲያናችን ስብሰባ ላይ ሲነበብ እጁን ያወጣ አልነበረም። የሕንፃ ኮሚቴ ቢሆን ሰው ይሻማበት ነበር። አንድ ወንድም «ይሄማ የመንግሥት ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ነፍስ ማዳን ነው» አሉ። በመጨረሻ «እህታችን አስተማሪ ናት፣ ልጆች ትወዳለች፣ ቅዳሜም ሥራ የላትም» ተባለና እኔ ተመደብኩ። ማንም አልጸለየበትም። ቀኑ ስለተመቸኝ ነው የተላክሁት።

በመጀመሪያው ስብሰባ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። አበል ይኖራል ብለው የመጡት ሁለት ሦስት ስብሰባ አይተው ቀሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቅነው ሰባት ነበርን፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንድ ርእሰ መምህር፣ አንድ ፖሊስ፣ የእድር ዳኛው፣ ከመስጊድ የተወከሉ አንዲት እናት፣ አንድ የጉጂ ሽማግሌ እና እኔ።

በሰው ቤት ያየሁት

ሥራው ቀስ በቀስ ገባን። ከተማችን ያለችው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። መንገዱ ቡናና ከብት ብቻ አይደለም የሚያመላልሰው፤ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ለመሻገር ከቤት የወጡ ታዳጊዎችም ያልፉበታል። በሻኪሶ በኩል ወርቅ አለ፤ ደብተሩን ጥሎ ወደ ወርቅ ጉድጓድ የሚሄድ ልጅ አለ። ቡና ለቀማ ሲደርስ የክፍሌ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ።

በዚያ ላይ ድርቁ መጣ። የ2013 ሐጋያ ዝናብ ቀረ፤ ቀጥሎ ጋናውም ቀረ፤ እንዲህ እያለ በቦረና ቆላ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከብት ካለቀ በኋላ ከቤት የሚቀነሰው የልጅ አፍ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ወይ ሳትደርስ ትዳራለች፣ ወይ «ከተማ ዘመድ ዘንድ ሆና ትማር» ተብላ ትላካለች።

አንድ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ልትዳር መሆኑን ሰምታ ነገረችን። ርእሰ መምህሩና የጉጂው ሽማግሌ ወደ ቤተሰቡ ሄዱ። ሕጉ 18 ዓመት እንደሚል፣ የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ጋብቻን እንደሚቀጣ ፖሊሱ አስረዳ። ሰርጉ ቀረ፤ ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እኔም እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ ይህን መሰከርኩ። ጉባኤው እልል አለ።

ቤት ስመለስ ምሳ ተሠርቶ፣ ልብስ ታጥቦ፣ ወለሉ ተወልውሎ ጠበቀኝ። ማን እንደሠራው አላሰብሁም።

በእኔ ቤት የነበረችው

በ2010 ሚያዝያና ሰኔ በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ አካባቢ የሆነውን የዚህ ሀገር ሰው አይረሳውም። ለዘመናት አብሮ የኖረ፣ የተጋባ ሕዝብ ተጋጭቶ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። ከተማችን ውስጥ ትምህርት ቤቱም፣ አዳራሹም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በሰው ተሞላ። እኛም ብርድ ልብስና ምግብ እየሰበሰብን አደልን። በዚያ መካከል አንዲት ሴት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዛ ወደ እኔ መጣች። «አክስቷ ነኝ፤ እኔ መሄጃ የለኝም፤ ይህችን ብቻ ውሰጅልኝ» አለችኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ጸለይን፤ ወሰድናት። አክስቷ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

በዚያ ቀን በልቤ የነበረው ርኅራኄ እውነተኛ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም፤ ጥሩ ጅማሬ ምን ያህል ሊጠም እንደሚችል እንድታዩት ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ትለማመድ» ብለን ትምህርት ቤት አላስገባናትም። በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛ ልጄን ወለድሁ፤ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው አስፈለገ። በሦስተኛው ዓመት ማታ እንድትማር አስመዘገብኳት፤ ክፍል ውስጥ ትተኛለች እያሉ አስተማሪዎቿ ነገሩኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ እሳት የምታቀጣጥል ልጅ ማታ ለምን እንደምትተኛ የአስተማሪ አእምሮዬ መጠየቅ አልፈለገም።

ልጆቼ «እማዬ» ይሉኛል። እሷ «እትዬ» ትለኛለች። በአንድ ማዕድ ፊት ሁለት መጠሪያ ነበረኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አልከረከረኝም። ለሰው ግን «ለጌታ ብለን የምናሳድጋት ልጅ» እላት ነበር።

የመጨረሻው ቤት

በ2014 ኮሚቴያችን ከወላጆቻቸው ውጭ የሚኖሩ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ እንዲመዘግብ ተወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከብዝበዛና ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይላል። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ዕድሜው ከ15 በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን ያ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ለብቻው ደንብ ይወጣለታል ተብሎ ነው የተተወው። የፋብሪካ በር የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ ይኖር ይሆናል፤ የመኖሪያ ቤት በር ግን የሚያንኳኳው ጎረቤት ብቻ ነው።

ቅጹን ተከፋፍለን ቤት ለቤት ዞርን። እኔ ከሃያ በላይ ቤት ገባሁ። በየቤቱ «እንደ ልጃችን ናት» የሚል መልስ ሰማሁ። እየሰማሁም በልቤ እፈርድ ነበር። በመጨረሻ የቀረው የእኔ ቤት ሆነ። አባል የራሱን ቤት እንዳይመዘግብ ተስማምተን ስለነበር ከመስጊድ የተወከሉት እናትና የጉጂው ሽማግሌ መጡ። ቡና አፈላችላቸው፤ እሷው።

ቅጹ ቀላል ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጆች ሁኔታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትምህርት። የልደት ምዝገባ በሀገራችን በ2008 ሲጀመር ለራሴ ልጆች ቶሎ ብዬ አውጥቻለሁ፤ ለእሷ አላወጣሁም። ዕድሜዋን ስጠየቅ «12 ወይ 13» አልኩ። ቀጥሎ «ከቤቱ ባለቤት ጋር ያላት ግንኙነት» የሚል መስመር አለ።

«እንደ ልጃችን ናት» አልኩ።

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ‹እንደ› የሚል ቦታ የለም። ጉዲፈቻ ናት ወይስ ሠራተኛ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን በእርጋታ ቀጠሉ። በእነሱ ባህል ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ በሽማግሌ ፊት፣ በምርቃት፣ ሰው ሁሉ እያወቀው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ የአሳዳጊው ጎሳ ጎሳው ይሆናል፣ ይወርሳል። ቤቱ በኋላ የራሱን ልጅ ቢወልድ እንኳ እሱን ዝቅ ማድረግ ነውር ነው። ሠራተኛ ደግሞ ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ የደረሰ መሆን አለበት፣ ደመወዟም ይቆረጥላታል። «አንቺ የልጅን ምርቃት ከእኛ፣ የሠራተኛን ጉልበት ከእሷ ወስደሻል» አሉኝ።

ከዚያም ልጅቷን ብቻዋን እንዲያናግሯት ከቤት እንድወጣ ጠየቁኝ። ይህ የኮሚቴው ደንብ ነው፤ እኔ ራሴ በሰው ቤት ሳስፈጽመው ነበር። ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። በራሴ ቤት በር ላይ ቆሜ ስለ እኔ ምን እንደሚባል አለማወቅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ።

በኋላ ያሉትን ነገሩኝ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት መልሷ ጥያቄ ነበር፦ «ወደ ቀርጫ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

አያት አለቻት። አራት ዓመት ሙሉ በእኔ ቤት ስትኖር ቤተሰብ ይኑራት አይኑራት አንድም ቀን ተቀምጬ አልጠየቅኋትም። ከሽንኩርትና ከበርበሬ መልስ እየቆረጠች በቆርቆሮ ውስጥ 85 ብር አጠራቅማ ነበር፤ ለመኪና። እኔ መልስ ጎደለ ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ። አንድ ቀንም በጥፊ መትቻታለሁ። «ሌብነት በጌታ ቤት አይኖርም» ብያታለሁ።

ወገኖቼ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ማጉረምረሙን የሰማች ቤተ ክርስቲያን

በማግስቱ የሐዋርያት ሥራ 6ን ገለጥሁ። ብዙ ጊዜ ስለ ዲያቆናት ምርጫ ስንማርበት የኖርነው ክፍል ነው። በዚያ ቀን ግን ሌላ ነገር አየሁበት።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በእሳት የተሞላች ነበረች። በየቀኑ ሰው ይድናል፣ ድውይ ይፈወሳል። በዚያው ጉባኤ ውስጥ ግን ማዕድ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶች ይዘለሉ ነበር። መንፈስ ቅዱስ ባለበት ቤት የተረሳ ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ያስፈራኛል፤ ያጽናናኛልም።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? «ማጉረምረም ኃጢአት ነው» ብለው ዝም አላሰኙም። «እኛ እንደዚህ አናደርግም» ብለው አልተከላከሉም። ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። መስፈርቱንም ከፍ አደረጉት፦ ምስክርነታቸው ያማረ፣ በመንፈስና በማስተዋል የበሰሉ ይሁኑ። ለማዕድ ሥራ «ቅዳሜ ሥራ የሌለው» አልተፈለገም።

ደግሞ የተመረጡትን ስሞች አንብቡ። ሰባቱም የግሪክ ስሞች ናቸው፤ አንዱም ኒቆላዎስ ከአንጾኪያ ወደ አይሁድ እምነት የገባ ነበር። ጉባኤው ሥልጣኑን ለተዘለሉት ወገኖች ቅርብ ለሆኑ ሰዎች የሰጠ ይመስላል። ክፍሉ የሚያበቃው የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥር እየበዛ መሄዱን በመናገር ነው። የተዘለለችው መበለት ስትታይ ወንጌሉ ወደፊት ሄደ።

ኮሚቴውን «የመንግሥት ሥራ» ያልነው ተሳስተን ነበር። የተዘለለ ሰው ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ነው። ጌታም የእኔን ቤት ማጉረምረም ያሰማኝ በሁለት ሰዎች አፍ ነው፤ አንዳቸውም የእኛ ጉባኤ አባል አይደሉም።

ጭማሪ እንጀራ የፈለገው ልጅ

የሽማግሌው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከጸሎቴ አልወጣም። ጉዲፈቻ ወይስ ሠራተኛ?

ጳውሎስ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔር ያደረገልንን ለመግለጽ የተጠቀመው ይህንኑ ልዩነት ነው፦ በፍርሃት ከሚኖር ባሪያ ወደ ልጅነት አመጣን፤ ልጆች ስለሆንንም ወራሾች ነን። በሉቃስ 15 ያለው የጠፋው ልጅም ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱን ከሞያተኞቹ እንደ አንዱ እንዲያደርገው ሊለምን ተዘጋጅቶ ነበር። አባቱ ግን ያን አሳብ አላስጨረሰውም። በዚያ ቤት ለልጅ የሚሆን ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ ነው የነበረው፤ ግማሽ ልጅ፣ ግማሽ ሠራተኛ የሚባል ቦታ አልነበረም።

እኔ ይህን ክፍል ለሰንበት ትምህርት ልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እግዚአብሔር በሙሉ ልጅነት ተቀብሎኝ ሳለ፣ እኔ ግን አንዲትን ልጅ «እንደ» በሚል ቃል በር ላይ አቁሜያት ነበር።

ንስሐ ዋጋ አለው

ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ እትዬ» አለችኝ። ያ እሺታ ይቅርታ እንዳልነበረ ገብቶኛል። አሠሪዋ ስትናገር «እሺ» ማለት የለመደች ልጅ ሌላ ምን ትላለች?

ኮሚቴው ሦስት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ቤተሰቧ ይፈለግ። ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ ድረስ ቀን ትምህርት ቤት ትግባ፣ የቤቱም ሥራ እንደ ልጆቼ እኩል ይከፈል። ሦስተኛ፣ የአራት ዓመት ድካሟ ይታሰብ።

ባለቤቴን ያስቸገረው ሦስተኛው ነበር። «አብልተናል፣ አልብሰናል፣ ከመንገድ ነው ያነሳናት» አለ። እኔም በልቤ እንደዚያው እል ነበር። ከመስጊድ የመጡት እናት «የምታበሉትን ራሷ አይደለችም እንዴ ስትሠራ የኖረችው?» አሉ። ባለቤቴ መልስ አልነበረውም። ለሁለት ሳምንት ያህል በቤታችን ሰላም አልነበረም። በኋላ ራሱ ስለ ዘኬዎስ የሚናገረውን ክፍል አምጥቶ አነበበልኝ፤ ኢየሱስ ወደ ዘኬዎስ ቤት በገባ ቀን ሰውዬው ስለ ኪሱ እንደተናገረ። ሽማግሌው የመከሩን ጊደር እንድንሰጣት ነበር። በዚህ ሀገር ጊደር ያለው ልጅ ባዶ እጁን አይደለም። ከቁጠባችን አውጥተን ገዛን።

ቤተሰቧን ማግኘት አምስት ወር ፈጀ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሽማግሌው በሚያውቋቸው ሽማግሌዎች በኩል ስልክ ደወሉ፤ በዚያ ያሉ ቅዱሳንም ጠየቁልን። አያቷ ተፈናቃዮች ሲመለሱ ወደ ቀያቸው ተመልሰው ነበር። የደረሳቸው ወሬ ልጅቷ ወደ ሞያሌ ሄደች የሚል ነው። ከዚያ መንገድ ልጅ አይመለስም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ኮሚቴው «ከአያትሽ ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ወይስ እዚሁ?» ብሎ ለብቻዋ ጠየቃት። በእነዚያ አምስት ወራት የተሻለች እናት ለመሆን ጥሬ ነበር። አልጋ ገዝቼላታለሁ፣ ከልጆቼ ጋር ዩኒፎርም አሰፍቼላታለሁ። እዚህ እቆያለሁ ትላለች ብዬ በጸሎቴ ሁሉ ተማጽኜ ነበር። ብትቆይ ንስሐዬ የተቀበለ ይመስለኝ ነበር። እሷ አያቷን መረጠች። ሳታመነታ።

ባሰብኩት ጊዜ አሁንም ያመኛል። ግን ጌታ አንድ ነገር አስተማረኝ፦ የእሷ ሕይወት የእኔ ንስሐ ማሳያ እንዲሆን አልተሰጠኝም።

ለአብያተ ክርስቲያናት አንድ ቃል

አንዳንዱ «ይህ የድሃ ሀገር ዘዴ ነው፤ በሠለጠነው ዓለም ባለሙያ አለ» ይል ይሆናል። በስኮትላንድ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጆችን ጉዳይ ሰምተው የሚወስኑት ሦስት ሆነው የሚቀመጡ በጎ ፈቃደኛ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በአሜሪካም በ1996 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሕግ ክፍለ ግዛቶች የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸውን ሥራ የሚመረምሩና የሚመክሩ የዜጎች ጉባኤዎች እንዲኖሯቸው ተደንግጓል። ብዙ ባለሙያ ያላቸውም ቢሆኑ ያለ ጎረቤት ዓይን አልሆነላቸውም።

የጎረቤት ዓይን ግን ድካም አለው፤ ይተዛዘናል። እኔን ማንም ያልጠየቀኝ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ከስህተቴ የተማርሁትን በፍቅር ላካፍል።

ወደ እንዲህ ያለው ኮሚቴ ሰው ስትልኩ ጸልያችሁ ላኩ። ወንጌላዊ ስትልኩ እንደምታደርጉት እጅ ጫኑበት። ሲመለስም «ምን ሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በምዕመናን ቤት ያሉትን ልጆች እወቁ። በየቤት ለቤት ኅብረቱ ቡና የምታቀርበዋን ልጅ ስሟን ጠይቁ። ትማራለች? እናትና አባቷ የት ናቸው? ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ እኔን ቀድሞ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አራት ዓመት አይጠፋም ነበር።

ልጅ ስትናገር ብቻዋን ትደመጥ፤ የሚያዳምጡትም ሁለት ይሁኑ።

በልጅ ላይ የተፈጸመ መደፈርና ድብደባ በሽምግልና አይለቅ። በእርቅና በካሳ የሚድበሰበስ ስንት ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ፤ «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጎድፍ» ብለን እኛም እናድበሰብሳለን። ኃጢአተኛ በጌታ ደም ይቅር ይባላል፤ ወንጀሉ ግን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ልጅቷም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም። ሁለቱ አይጣሉም።

ደግሞም ቤተሰብ ይቅደም። በ2010 በወጣው አዋጅ ልጆችን ለውጭ ሀገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ቀርቷል። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ልጆች የሄዱበት ጊዜ ነበር። ያ በር ሲዘጋ ጥያቄው ወደ እኛ ቤት መጣ። በመጀመሪያ ዘመድ ይፈለግ። ዘመድ ከሌለ በሙሉ ልብ፣ በሕግ ፊት፣ በልጅነት እንቀበል። የማንችል ከሆነ «አንችልም» እንበል፤ «እንደ ልጅ» ከሚለው ይሻላል።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ወደ ቤታችን መጣች። ቁመቷ ከእኔ በልጧል። ጊደሯ ወልዳለች። ትምህርቷን ቀጥላለች። ትንሹ ልጄ ከአንገቷ አልወርድም አለ። ቡና ላፈላላት ተነሳሁ፤ እሷ ረከቦቱን ለማቅረብ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ «ተቀመጪ» አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝና ተቀመጠች። ስትሄድ «ደህና ይዋሉ እትዬ» አለችኝ።

ለማሰላሰል

1. በቤቴ ወይም በቅርብ በማውቀው ቤት «እንደ ልጅ» የሚባል፣ ግን ልጅ ያልሆነ ማን አለ?
2. ቤተ ክርስቲያኔ በቀበሌው የሕፃናት ኮሚቴ ተወካይ አላት? ስሙን አውቃለሁ? ጸልዬለት አውቃለሁ?
3. ስለ ቤቴ ቅሬታ ሲነሳ መጀመሪያ የምሰማው ቅሬታውን ነው ወይስ ክብሬን?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ በር ላይ ሳታቆመን በልጅነት ስለተቀበልኸን እናመሰግንሃለን። በቤታችን ያለውን፣ እኛ የለመድነውን፣ አንተ ግን ያየኸውን አሳየን። በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎ፣ በነጌሌ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ያሉትን ልጆች ጠብቅ። በየቀበሌው ተቀምጠው የልጆችን ድምፅ ለሚሰሙት ጥበብና ድፍረት ስጣቸው። የበደልናቸው ልጆች እስኪፈወሱ ድረስ የምንታገሥበትን ጸጋ ስጠን። በኢየሱስ ስም። አሜን።